ከካሳው በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ

ሰሞኑን በማደሪያችን አንድ ክርክር ተነሥቶ መብራት እስኪጠፋ ድረስ አላስተኛንም። ክርክሩ፦ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትልቅ ባትሪ በአንድ መንደር አጠገብ ሊተከል ነው ቢባል ነዋሪው ምን ይጠይቅ? የሚል ነበር። አብዛኞቹ «ሥራና ካሳ ነዋ!» አሉ። እኛ ጥቂቶቹ አልተስማማንም፤ ምክንያታችንንም እነሆ።

ነገሩ እንግዳ ለሆነበት አንባቢ ያህል፦ ፀሐይና ነፋስ ኃይል የሚሰጡት እኛ በፈለግነው ሰዓት አይደለም። ገበሬ እህሉን በጎተራ እንደሚያኖር የቀኑን ኃይል አኑሮ ለማታ የሚያወጣው ይህ ባትሪ ነው። እኛም አገር በአዳማና በአሸጎዳ የነፋስ ማመንጫ ስለተተከለ ጉዳዩ የሩቅ ሰው ወሬ ብቻ አይደለም።

በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ጠረፍ፣ ሞስ ላንዲንግ የምትባል ትንሽ የዓሣ አጥማጆች መንደር አለች። ዙሪያዋ እርሻና ረግረግ ነው። እዚያ ባለው አሮጌ የኃይል ማመንጫ፣ ተርባይን ይቆምበት በነበረው አዳራሽ ውስጥ፣ 300 ሜጋዋት የሚሰጡ የሊቲየም ባትሪዎች ተደርድረው በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ። ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም. አዳራሹ ተቃጠለ። እሳቱ እንደ ጎጆ እሳት በውኃ የሚጠፋ ስላልነበር የእሳት አደጋ ሠራተኞች ነዶ እስኪበርድ መጠበቅ ግድ ሆነባቸው። ከ1,000 በላይ ሰው ቤቱን ጥሎ እንዲወጣ ታዘዘ፤ የጠረፉ አውራ ጎዳና ተዘጋ። የሞተ ሰው የለም። ይሁንና ተመራማሪዎች በኋላ የረግረጉን አፈር ሲመረምሩ ከእሳቱ የመጣ ኒኬል፣ ማንጋኒዝና ኮባልት አገኙ። ዛሬ ዛሬ ባትሪዎቹን በየሣጥኑ ለያይቶ ሜዳ ላይ ማቆም የተለመደው አንዱ ቢነድ ወደ ሌላው እንዳይዛመት ነው። ታዲያ ይህን «በአዳራሽ ነው ወይስ በየሣጥኑ?» የሚለውን ጥያቄ ከካሳው በፊት ማን ይጠይቅ?

ስለ ሥራውም ቢሆን እውነቱን እንነጋገር። ግንባታው ላይ ብዙ ሰው ይሰለፋል፤ ካለቀ በኋላ ግን ባትሪ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ነገር ነው፤ ጥበቃና ጥቂት ቴክኒሻን ይበቃዋል። ለመንደሩ ወጣት ሁሉ ሥራ ይገኛል ብሎ መስበክ ደግ አይደለም።

የካሊፎርኒያ ሕግም አከራክሮናል። በ2014 ዓ.ም. የወጣው ሕግ፣ 200 ሜጋዋት ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚያጠራቅም ተቋም የሚሠራ ኩባንያ የአካባቢውን አስተዳደር አልፎ በቀጥታ ለክፍለ ግዛቱ የኃይል ኮሚሽን እንዲያመለክት ይፈቅድለታል። በዚያው ልክ ከአካባቢው ማኅበራት ጋር የጥቅም ውል እንዲፈራረም ያስገድደዋል። ኮሚሽኑ ስብሰባ መጥራቱ አልቀረም፤ ፍርዱ ግን ከመንደሩ ርቋል። ጥቅም እንሰጥሃለን፣ ውሳኔው ግን ያንተ አይደለም እንደ ማለት ሆኖ ታየን። እርግጥ ነው፣ «እያንዳንዱ መንደር ካልተስማማ ከተባለ አንድም ነገር አይሠራም» ያሉት ጓደኞቻችን ክርክር የዋዛ አይደለም፤ እስካሁን ሙሉ መልስ አላገኘንለትም። ከሁሉ ደስ ያለን በ2016 ዓ.ም. የወጣው ነው፤ ባለ ባትሪው የአደጋ ጊዜ ዕቅዱን ከአካባቢው የአደጋ መከላከል መሥሪያ ቤቶች ጋር ተመካክሮ እንዲያወጣ ያዛል።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ከመካከላችን አንዱ ባደገበት መንደር የከፍተኛ ኃይል መስመር ሲዘረጋ መጀመሪያ ችካል ተተከለ፤ ስብሰባው የተጠራው ከዚያ በኋላ ነው። ወረቀት መጣ። አባቶች በጣት አሻራ ፈረሙ። ማንበብ የሚችለው መምህሩ ነበር፤ እሱም «ይህ የመሐንዲስ ነገር ነው፣ ፈርሙ» አላቸው። ሽቦው ዛሬም በላያቸው ያልፋል፤ እነሱ ግን ኩራዝ ያበራሉ።

ያንን መምህር ስንወቅስ አመሸን። ኋላ ላይ ግን ነገሩ ወደ ራሳችን ዞረ። በሚመጣው ዓመት በየገጠሩ ስንመደብ «እስቲ መምህር፣ ይቺን ወረቀት አንብብልን» የምንባለው እኛ ነን። ባትሪ ሲነድ ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ፣ ማን ደውል እንደሚደውል፣ ትምህርት ቤቱ መብራት ያገኝ እንደሆነ በውሉ ላይ ፈልገን ማግኘት እንችላለን? በእውነቱ ዛሬ አንችልም። ስለዚህ የሳይንስ መምህራኖቻችን አንድ ከሰዓት በኋላ ሰጥተውን፣ ያረጀ የስልክ ባትሪ ሥዕል ይዘው እንኳ ቢሆን፣ ሊቲየም ለምን እንደሚግል ቢያስረዱን እንወዳለን።

የሚቃወመን ካለ ከዚህ ወረቀት በታች ባዶ ቦታ ትተናል፤ እስክሪብቶው በክር ታስሯል።