ሸክሙን እንካፈል

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ይህ አባባል ለድግስና ለሐዘን ብቻ የተነገረ አይመስለኝም። በየመኝታ ክፍላችን ሌሊት ሌሊት ለየብቻችን የምንሸከመው ሐሳብም ከሎሚው የሚቆጠር ነው።

እንደሚታወቀው አብዛኞቻችን ከቤተሰብ የተለየነው ገና አሁን ነው። አንዱን የእናቱ ሕመም ያሳስበዋል፣ አንዷ ለታናናሾቿ የምትልከው አጥታ ትጨነቃለች፣ ሌላው ፈተና በደረሰ ቁጥር እንቅልፍ ያጣል። «ምን ሆነሃል?» ሲባል ግን መልሱ ያው «ኧረ ምንም!» ነው። ለምን ቢባል፣ የተናገረ ሰው በማግሥቱ በምግብ አዳራሽ መሣቂያ እንዳይሆን ስለሚፈራ ነው። ዝም ያለውን ሁሉ «ነካ ሳያደርገው አይቀርም» እያልን እንቀልዳለን። ለእኛ ቀልድ ነው፤ ለተጨነቀው ግን አፉን የሚዘጋ ቁልፍ ነው።

በመሠረቱ መረዳዳት ለአገራችን ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም። ሰው ሲሞት እድር ድንኳን ይተክላል፤ ሐዘንተኛውም ለብቻው አይተውም። ታዲያ ለሙት የምናውቅበትን አብሮ መቀመጥ፣ በሕይወት ላለው ጓደኛችን ለምን እንነፍገዋለን?

ዚምባብዌን እንመልከት። የአእምሮ ሐኪም እጅግ ጥቂት በሆነበት በዚያ አገር፣ ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 በሐራሬ ከተማ ለሰፈር አሮጊቶች ሥልጠና ሰጥተው በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። የተጨነቀ ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ የልቡን ይነግራቸዋል። እነሱም ያዳምጡታል፤ ከችግሮቹም አንዱን መርጦ መፍትሔ እንዲፈልግ ያግዙታል። ሕመሙን በሾና ቋንቋ «ኩፉንጊሲሳ» ይሉታል፤ ሐሳብ ማብዛት ማለት ነው። እኛስ «ሐሳብ በዛብኝ» እንል የለ? በ24 ጤና ጣቢያዎች በ573 ሰዎች ላይ የተደረገው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 ሲታተም፣ ከ6 ወር በኋላ በወንበሩ የታገዙት ሰዎች ጭንቀት ከሌሎቹ ይልቅ ቀንሶ ተገኝቷል። አሮጊቶቹ ሐኪሞች አይደሉም፤ የዚያው ሰፈር ሰዎች ናቸው።

አንዳንዶች «ራሱ የተቸገረ ሌላውን በምን ይረዳል?» ይሉ ይሆናል። ነገር ግን የራበውን የሚያውቀው የራበው ነው። ሆኖም መረዳዳታችን ሥርዓት ያስፈልገዋል። አንደኛ፣ ከመምከር በፊት ማዳመጥ። «እርሳው ባክህ!» ማለት የሚቀለው ለተናጋሪው ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ የሰማነውን በሆዳችን መያዝ። ወሬ ካወጣን ሁለተኛ የሚያምነን የለም። ሦስተኛ፣ አቅማችንን ማወቅ። «መሞት ይሻለኛል» ያለን፣ ወይም ለቀናት እህል ያልቀመሰንና ያልተኛን ጓደኛ ለብቻው ሳንተው ለመምህር መንገርና ወደ ጤና ጣቢያ ይዘነው መሄድ አለብን። ይህ ምሥጢር ማውጣት አይደለም፤ ነፍስ ማዳን ነው።

ስለዚህ በየመኝታ ክፍላችን በሳምንት አንድ ማታ ቡና አፍልተን፣ ከቀልድና ከትምህርት ወሬ ውጭ «እንዴት ሰነበትክ? እንዴት ሰነበትሽ?» እንባባል፤ መልሱንም ሳንቸኩል እንስማ። የተከበራችሁ መምህሮቻችንም ስለ ማዳመጥ ጥቂት ሰዓት ብታስተምሩን ሥራችን የተቃና ይሆናል።

ነገ በየገጠሩ ስንመደብ ከኋላ ተቀምጦ ዝም የሚል ሕፃን ይጠብቀናል። ዛሬ አጠገባችን የተኛውን ጓደኛ መስማት ካልለመድን፣ ያንን ሕፃን በምን ጆሯችን ልንሰማው ነው?