ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው

አንባብያን ሆይ! ከእጃጂ ተነሥታችሁ በጌዶ፣ በጉደርና በአምቦ በኩል ወደ አዲስ አበባ ብትጓዙ፣ ዋና ከተማው ከመድረሳችሁ በፊት ሆለታን ታልፋላችሁ። የስዊድን መኮንኖች ያስተማሩበት የገነት ጦር ትምህርት ቤት በ1927 ዓ.ም. የተከፈተው እዚያ ነው። በዚያ ከሠለጠኑት አንዱ መንግሥቱ ንዋይ፣ በ1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ አዛዥ ሆነው በንጉሠ ነገሥቱ ላይ ተነሡ። ዛሬ የምንነግራችሁ ግን ከጎናቸው ስለ ቆሙት የጸጥታ ሹም ስለ ኮሎኔል ወርቅነህ ገበየሁ ነው።

ኮሎኔል ወርቅነህ ከጎንደር በኩል የመጡ፣ የመሳፍንት ዘር የማይቆጠርላቸው መኮንን ነበሩ። ከፍ ያደረጋቸው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሞገስ ነው። የእንዲህ ያለ ሹም ሥራ ምንድን ነው? ማን ከማን ጋር ተገናኘ፣ ምንስ ተባለ ብሎ ማዳመጥ፣ እውነቱንም ከሐሜት ለይቶ ለጌታው ማቅረብ ነው። ስለዚህ ጌታው ሩቁን የሚያየው በሹሙ ዓይን ነው። ንጉሠ ነገሥቱም ይህን ስለሚያውቁ በአንድ ጆሮ ብቻ አልታመኑም፤ ሚኒስትሩ መኮንን ሀብተ ወልድም የራሳቸው ወሬ አቀባዮች ነበሯቸው።

ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚልን ሲጎበኙ፣ እቴጌ መነን ታመዋል እየተባለ መኳንንቱ ተጠርተው ተያዙ። ሤራን እንዲያጋልጥ የተሾመው ሰው ራሱ የሤራው ተካፋይ ነበረ።

ነገር ግን ብዙ መስማት ሁሉን መቻል አይደለም። ጄኔራል መርዕድ መንገሻና ደጃዝማች አሥራተ ካሣ ከወጥመዱ ውጭ ቀሩ፤ የምድር ጦርና አየር ኃይልም ከእነርሱ ጋር ቆሙ። ታኅሣሥ 6 ቀን ውጊያ ተጀመረ። በማግሥቱ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከታሰሩት ታላላቅ ሰዎች ብዙዎቹ፣ መኮንን ሀብተ ወልድም ጭምር፣ በጥይት ተገደሉ። ኮሎኔል ወርቅነህ ከመያዝ ይልቅ በገዛ እጃቸው መሞትን መረጡ፤ አስከሬናቸውም ባደባባይ ተሰቀለ። ገነተ ልዑል በኋላ ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ፤ ስድስት ኪሎ የምትማሩ ሁሉ ታውቁታላችሁ።

አንዱ ውለታ በላ ይላቸዋል፤ ሌላው አገር ወዳድ ይላቸዋል። እኛ ግን በየመሥሪያ ቤቱ ለምትሠሩ ወጣቶች አንድ ነገር እንላለን። ቅሬታ በግልጽ የሚነገርበት ቤት ሹክሹክታ ለቃሚ አያሻውም። ነገን አለቃ ስትሆኑ በራችሁን ክፈቱ፤ በሰው ጆሮ ብቻ የሚሰማ ሰው፣ ጆሮው ባዳ የሆነበት ዕለት ምንም አይሰማምና።