ዱላ የያዘውና ዱላ ያስያዘው

እስቲ ዛሬ ከአንድ ክርክር እንነሳ። ባለፈው ቅዳሜ ማኪያቶአችንን ይዘን ተቀምጠን ሳለ ወጉ ዞሮ ዞሮ ፍርድ ቤትና ዘረኝነት ላይ አረፈ። ግማሾቻችን «ዳኛ የፈረደው ወረቀት የሰው ልብ ውስጥ አይገባም» አልን። ሌሎቻችን ደግሞ «ልቡ ይቅርና እጁን ይሰብስብልን!» አልን። ሁለት ሰዓት ተጨቃጭቀንም አልተስማማንም። ስንለያይ ግን ሁላችንም አንድ ስም ይዘን ነበር የተነሳነው፤ ሙሉጌታ ስራው።

ስሙ ለታላላቆቻችን አዲስ አይደለም። ለእኛ ዕድሜ ግን እንጃ! ጋዜጠኝነት ስንማር ስለ አሜሪካ የፕሬስ ነፃነት ስንት ፈተና ተፈትነናል። እዚያው አገር ስለ ንግግር ነፃነት ወሰን ትልቅ ክርክር ያስነሳው መዝገብ የአንድ ኢትዮጵያዊ ሞት መሆኑን የነገረን ግን አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 13 ቀን 1988 (በእኛ ኅዳር 4 ቀን 1981 ዓ.ም.) ሌሊት፣ በኦሪገን ግዛት ፖርትላንድ ከተማ፣ የ28 ዓመቱን ሙሉጌታን ጓደኞቹ በመኪና ቤቱ ደጃፍ ያደርሱታል። ራሳቸውን የተላጩ ሦስት ነጭ ወጣቶች፣ «ስኪንሄድ» የሚባሉት፣ እዚያው ጎዳና ላይ ይደርሳሉ። ጠብ ተነሳ። አንደኛው በቤዝቦል ዱላ ጭንቅላቱን መታው። ሙሉጌታ ሞተ። አገር ቤት ትንሽ ልጅ ነበረው።

ሦስቱም ተይዘው፣ ጥፋታቸውን አምነው ተፈረደባቸው። እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ «ገዳዩ ታሰረ» ተብሎ በተዘጋ ነበር። አጎቱ ግን አላቆሙም። ሳውዘርን ፖቨርቲ ሎው ሴንተር ከተባለው ድርጅትና ከጠበቃው ሞሪስ ዲስ ጋር ሆነው የፍትሐ ብሔር ክስ መሠረቱ። ከዋና ተከሳሾቹ አንዱ ዱላ ያልያዘ፣ በዚያ ሌሊት ፖርትላንድ ውስጥ እንኳን ያልነበረ ሰው ነበር፤ ካሊፎርኒያ ተቀምጦ ቴሌቪዥን የሚጠግነው፣ የቀድሞው የኩ ክለክስ ክላን አለቃ ቶም ሜትዝገር። ሜትዝገር «ዋይት አርያን ሬዚስታንስ» የሚባል ቡድን ይመራ ነበር። ክሱ የሚለው በአጭሩ ይህን ነው፤ ሜትዝገርና ልጁ መልእክተኛቸውን ፖርትላንድ ድረስ ልከው ወጣቶቹን አደራጅተዋል፣ ለጥቃት አነሳስተዋል፣ ስለዚህ ለደሙ ተጠያቂ ናቸው።

ኦክቶበር 1990 ላይ ከተራው ሕዝብ የተመረጡት ዳኞች፣ ማለትም ጁሪው፣ 12.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ፈረዱ። እውነት ለመናገር ከዚያ ገንዘብ የተገኘው ጥቂቱ ነው። ሰውየው ከየት ያመጣዋል? ግን ቤቱ ተሸጠ፣ የቡድኑም አቅም ተመናመነ። በ1993 የኦሪገን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ውሳኔውን አጸናው።

ይህ የሆነባት ኦሪገን እ.ኤ.አ. በ1859 የአሜሪካ ግዛት ስትሆን ሕገ መንግሥቷ ጥቁር ሰው መጥቶ እንዳይኖርባት የሚከለክል አንቀጽ ነበረው። አንቀጹ የተሰረዘው በ1926 ነው። እንግዲህ ጎበዝ፣ በዚያች ምድር የአንድ ጥቁር ስደተኛ ቤተሰብ የነጭ የበላይነት ሰባኪን ከሶ ረታ!

«ወረቀት ምን ያደርጋል» የሚሉት ጓደኞቻችን ግን ዝም አላሉም። «የ1954ቱን የብራውን ፍርድስ ምን ትሉታላችሁ?» አሉን። ልክ ናቸው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሜይ 17 ቀን 1954 በዘጠኝ ድምፅ፣ አንድም ተቃውሞ ሳይኖር፣ ነጭና ጥቁር ተማሪ ለይቶ ማስተማር ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለ። በዓመቱ ግን አፈጻጸሙን «በተገቢው ፍጥነት» ብሎ ለአካባቢዎቹ ተወላቸው። ቨርጂኒያ ውስጥ ፕሪንስ ኤድዋርድ የሚባለው አውራጃ ጥቁርና ነጭ አብረው ከሚማሩ ብሎ በ1959 የመንግሥት ትምህርት ቤቶቹን በሙሉ ዘጋ። እስከ 1964 አልከፈተም! አምስት ዓመት! ለነጮቹ ልጆች የግል ትምህርት ቤት ተከፈተላቸው፤ ከጥቁሮቹ ብዙዎቹ ቤት ዋሉ። ያስከፈተውም ሌላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው፤ ይቺን ለክርክራችን እንወስዳታለን።

ደግሞ ያ አውራጃ ለብራውን መዝገብ ሩቅ አልነበረም። በውስጡ ከተጠቃለሉት ክሶች አንዱ የተጀመረው እዚያው ነው፤ ያስጀመረችውም የ16 ዓመት ተማሪ። ባርብራ ጆንስ በ1951 የተጨናነቀው ትምህርት ቤታቸው ይሻሻል ብላ ተማሪውን አስተባብራ ከክፍል አስወጣች። ጠበቆቹ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ ሰሜን ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ አካባቢ፣ የሀበሻ ልጅ ከማንም ጋር አንድ ክፍል ሲቀመጥ የዚያች ልጅ እጅ አለበት። ዘመዶቻችን እዚያ ስላሉ ይህ የሩቅ ታሪክ አይመስለንም።

ወደ ሙሉጌታ እንመለስ፤ ሳንናገረው ያለፍነው የሚከነክን ነገር አለ። ሜትዝገር «እኔ የተናገርኩት ብቻ ነው» እያለ ነበር የተከራከረው። እኛ ደግሞ የምንኖረው በመናገር ነው። ጸሐፊን በጻፈው ምክንያት በካሳ ማደኽየት ምን ማለት እንደሆነ አናጣውም። ኤሊኖር ላንገር የምትባል ጸሐፊም በ2003 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ሜትዝገርን ከግድያው ጋር ያያያዘው ማስረጃ ደካማ ነበር ብላ ሞግታለች። ጥያቄዋ ቀላል አይደለም። ከመካከላችን አንዷ እስካሁን ከላንገር ጋር ናት።

አብዛኞቻችን ግን ከጁሪው ጋር ነን። ሰውየው የተጠየቀው ጥቁር ስለ ጠላ ወይም ጋዜጣ ስላሳተመ ብቻ አይደለም። ጥላቻውን እስኪሞት ድረስ (በ2020 ሞተ) ሲሰብክ ማንም አፉን አልዘጋውም። ጁሪው ያየው ሰው ልኮ፣ ወጣት አደራጅቶ፣ ድብደባ ማስተማሩን ነው። ለእኛ መስመሩ እዚያ ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከመጣ ግን ነገ የሚሸጠው የማን ቤት እንደሚሆን አይታወቅም።

ፖርትላንድ በ2018፣ በ30ኛ ዓመቱ፣ ሙሉጌታ በተገደለበት አካባቢ የጎዳና ስም ሰሌዳዎች ላይ መታሰቢያ ሰቅላለታለች። ስሙ በእንግሊዝኛና በአማርኛ ተጽፏል። ቅዳሜ ዕለት ፎቶውን በስልክ እየተቀባበልን አየነው። «ወረቀት ምን ያደርጋል» ሲል የዋለው ጓደኛችን ስልኩን ቶሎ አልመለሰም።