ሐኪም በሚሠራበት አገር ይማር

በቡሬ ገጠር ምጥ የጠናባትን ወላድ ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ ዋናው መንገድ ያደርሳታል። በፍኖተ ሰላም ሆስፒታል የሚቀበላት ሐኪም እንደምን ያለ ትምህርት የቀሰመ ሊሆን ይገባዋል?

የገጠር ሐኪም በአንድ ሌሊት ወላዷንም፣ ሳንባው የታመመውን ሕፃንም፣ ወባ የጣለውን ገበሬም ያያል። እኛ ግን የምንማረው ለየሕመሙ ልዩ ሐኪም በቆመበት ትልቅ ሆስፒታል ነው።

በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ይህን አስቀድሞ ተረድቶ ነበር። የጤና መኮንኑን፣ ነርሷንና ሳኒታሪያኑን በአንድነት ወደ ጤና ጣቢያ እየላከ በሥራ ላይ አስተማራቸው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በ2005 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕክምና የስፔሻሊቲ ትምህርት ጀመረ። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሙያው ለሁሉም ቤተሰብ ከሆነ፣ ትምህርቱም እስከ ፍኖተ ሰላም ሊዘልቅ ይገባል።

«ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ጎጃምን ጦርነት አውኮታል፤ ማን ይሄዳል?» የሚል አይጠፋም። ጸጥታ በሚፈቅድበት ቦታና ጊዜ ይጀመር፤ ሕመም ሰላም እስኪወርድ አይጠብቅምና።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው። ከልምምዱ ዘመን ቢያንስ 6 ወር በገጠር ሆስፒታል ይሁን። መምህሩም አብሮ ይውረድ፤ መምህር የሌለበት ልምምድ ግዞት እንጂ ትምህርት አይባልም። ማደሪያና መጻሕፍትም ይዘጋጁ።

እኛ ተማሪዎችም ምደባ ሲደርሰን ከተማ የሚያስቀር ዘመድ ፍለጋ አንሩጥ። ቃሬዛውን የሚሸከመው ገበሬ የሚከፍለው ግብር ነው ያስተማረን።