የፈጣን አውቶሞቢል ጎማ ስለ መምረጥ

ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ ይባላል። አውቶሞቢልንም የሚመረምር ሰው ምርመራውን ከሥሩ ይጀምር ዘንድ ይገባዋል፤ የአውቶሞቢልም ሥሩ ጎማው ነው። ሞተሩ ምንም ብርቱ ቢሆን፥ ፍሬኑም ምንም ቢጠነክር፥ መሪውም ምንም ቢቃና፥ ይህ ሁሉ ኃይል ከመንገዱ ጋራ የሚገናኘው እያንዳንዳቸው ከሰው መዳፍ እጅግ በማይበልጡ በአራት ቦታዎች ብቻ ነው። እንግዲህ የነጂውና የተሳፋሪው፥ በመንገድ ዳርም የሚሄደው እግረኛ ነፍስ በእነዚህ በአራቱ መዳፎች ላይ የተጣለ አደራ ነው ማለት ይቻላል።

ይህንንም ለመጻፍ ያነሣሣን ምክንያት፥ ለፍጥነት የተሠራ አውቶሞቢል በብዙ ገንዘብ የገዛ ሰው የፊተኛው ጎማ ባለቀበት ጊዜ ምትኩን ሲፈልግ ከሁለት ስሕተት በአንዱ ላይ ሲወድቅ ስለሚታይ ነው። አንዱ ወገን ክብነቱን ብቻ አይቶ በዋጋ የረከሰውን ያነሣል፤ ሁለተኛው ወገን ደግሞ ለስሙና ለመልኩ ሲል ለእሽቅድምድም ሜዳ የተሠራውን ጎማ ለከተማ መንገድ ይገዛል። የፊተኛው መልካም በቅሎ ገዝቶ በበሰበሰ ልጓም እንደሚቀመጥ ሰው ነው፤ የኋለኛውም ለሠርግ ሲጠራ የጦር ልብስ ለብሶ እንደሚመጣ ሰው ነው። ሁለቱም ዕቃውን ከተሠራበት ጉዳይ ጋራ አላስተያዩትም።

ምሳሌ ይሆነን ዘንድ በጀርመን አገር በስቱትጋርት ከተማ የሚሠራውን ፖርሽ 911 የተባለውን አውቶሞቢል እንመልከት። የዚህ አውቶሞቢል ሞተር ከኋላ የተቀመጠ ስለ ሆነ ክብደቱ ይበልጡን በኋለኞቹ እግሮች ላይ ይጫናል፤ ስለዚህም ሠሪዎቹ የኋላውን ጎማ ከፊተኛው አስፍተው ያበጁታል። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2019 ዓ.ም. የወጣው ካሬራ የተባለው ዓይነት በፊት 235/40 ዜድ አር 19፥ በኋላ 295/35 ዜድ አር 20 የሆነ ጎማ ይጫማል። የመጀመሪያው ቍጥር የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ከመቶ ስንት እጅ እንደ ሆነ ይነግራል፤ የመጨረሻውም ጎማው የሚገባበት የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። በመካከል ያለው አር የተባለው ፊደል የጎማው ክሮች ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ጠርዝ ቀጥ ብለው የተዘረጉበትን ሬዲያል የተባለውን አሠራር ያመለክታል፤ ይህንንም አሠራር የፈረንሳዩ ሚሽለን ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. በስሙ አስመዝግቦ ለዓለም አስፋፍቶታል። አየር የሚሞላውን ጎማ ጆን ቦይድ ደንሎፕ የተባለው የስኮትላንድ ተወላጅ የከብት ሐኪም በቤልፋስት ከተማ ለልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ካበጀው በኋላ በ1888 ዓ.ም. እንዳስመዘገበው ስናስብ፥ ጥበቡ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደ ደረሰ ያስደንቃል።

ከስፋቱም ቀጥሎ የሚጻፉ ሁለት ምልክቶች አሉ፤ እነዚህን ሳያነቡ ጎማ መግዛት ውሉን ሳያነቡ እንደ መፈረም ይቈጠራል። አንደኛው የጭነት ቍጥር ነው፤ ለምሳሌ 97 የሚል የተጻፈበት አንዱ ጎማ 730 ኪሎ ግራም ይሸከማል። ሁለተኛው የፍጥነት ፊደል ነው፤ ቪ የተባለው እስከ 240፥ ደብልዩ የተባለው እስከ 270፥ ዋይ የተባለው እስከ 300 ኪሎ ሜትር በሰዓት ድረስ ጎማው እንዲችል ተመርምሮ መፈቀዱን ያስረዳል። ምናልባት አንድ ሰው «እኔ ይህን ያህል አልነዳም፥ ታዲያ ምን ያስፈልገኛል?» ይል ይሆናል። ነገር ግን ፊደሉ የሚናገረው ስለ ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ ጎማው ሙቀትን የመቻሉንና የአካሉን ጥንካሬ ጭምር ይገልጣል። አውቶሞቢሉም ሲሠራ መሪውና ፍሬኑ የተሰናዱት በዚያው ዓይነት ጎማ ላይ ነው። ስለዚህ ሠሪው ከወሰነው ዝቅ ያለ ጎማ ማግባት ራስን መበደል ነው። ከዚህም በላይ አንዳንድ ሠሪዎች ለራሳቸው አውቶሞቢል ተብሎ ለተበጀው ጎማ ልዩ ምልክት ያደርጉበታል፤ ፖርሽ ኤን የሚለውን ፊደል ከቍጥር ጋራ፥ ቤ ኤም ቬ ኮከብ፥ መርሴዲስም ኤም ኦ የሚሉትን ፊደሎች ያስጽፋሉ። በስም አንድ የሆኑ ሁለት ጎማዎች በውስጥ አሠራራቸው ይለያዩ ይሆናልና ምልክቱን መፈለግ መልካም ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ስሕተት እንመለስ። ለእሽቅድምድም ሜዳ የተሠራው ጎማ ላስቲኩ ለስላሳ፥ የጥርሱም ቦይ ጥቂት ነው። ሲሞቅ መንገዱን አጥብቆ ይይዛል፤ ሳይሞቅ ግን ኃይሉ ይጐድላል፤ ዝናም በጣለ ጊዜም ውሃው የሚወጣበት በቂ ቦይ ስለሌለው ጎማው ከመንገዱ ተነሥቶ በውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ በዚያን ጊዜ መሪ ቢያዞሩ፥ ፍሬን ቢረግጡ የሚሰማ የለም። የበጋ ጎማም የሚባለው የሙቀቱ መጠን ከ7 ዲግሪ ገደማ በታች ሲወርድ ላስቲኩ እየደረቀ ይሄዳል፤ የጀርመንም ሕግ በረዶ ባለበት መንገድ በበጋ ጎማ መንዳትን የከለከለው ስለዚህ ነው። እንግዲህ ከሁሉ የሚበልጥ ጎማ የሚባል በዓለም የለም፤ ለዚህ መንገድና ለዚህ ወራት የሚበልጥ አለ እንጂ። ዝናም በሚበዛበት አገር የሚነዳ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ እርጥብ መንገድ ሊሆን ይገባል። በአውሮፓ ከ2021 ዓ.ም. ጀምሮ በጎማ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት የእርጥብ መንገድ አያያዙን ከኤ እስከ ኢ ባሉ ፊደሎች ደረጃ ስለሚሰጥ፥ መልሱን ከሻጭ አፍ መጠበቅ አያስፈልግም። የአውሮፓ ሕግ የጥርሱን ጥልቀት እስከ 1.6 ሚሊ ሜትር ቢፈቅድም፥ ፈጣን አውቶሞቢል ያለው ሰው በ3 ሚሊ ሜትር ላይ ቢለውጥ ከጠቢባን ይቈጠራል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያታልለው ግን ዕድሜ ነው። ፈጣን አውቶሞቢል በብዛት በቤት ውስጥ ተሸፍኖ ስለሚቆም የጎማው ጥርስ ሳያልቅ ላስቲኩ ያረጃል። ስመ ጥር የነበረው የአሜሪካ የሲኒማ ተዋናይ ፖል ዎከር በ2013 ዓ.ም. በኖቬምበር ወር በካሊፎርኒያ በሳንታ ክላሪታ ከተማ፥ ወዳጁ በሚነዳው ፖርሽ ካሬራ ጂ ቲ ሲሄድ አውቶሞቢሉ ከመንገድ ወጥቶ ከዛፍና ከምሰሶ ጋራ በመጋጨቱ ሁለቱም ሞቱ። መርማሪዎች በ2014 ዓ.ም. ባወጡት ቃል፥ 45 ማይል በተወሰነበት መንገድ ከ80 እስከ 93 ማይል በሰዓት መነዳቱን፥ የሞቱም ምክንያት ይህ ፍጥነት መሆኑን ገለጡ፤ ጨምረውም የጎማዎቹ ዕድሜ 9 ዓመት እንደ ሆነና ይህ የአውቶሞቢሉን አያያዝ አዳክሞት ሊሆን እንደሚችል አመለከቱ። የፍጥነቱን ጥፋት በጎማው ላይ አንጥልም፤ ነገር ግን ስሕተት የሠራን ሰው አዲስ ጎማ አንዳንድ ጊዜ ያድነዋል፥ ያረጀ ጎማ ግን ምሕረት የለውም።

የጎማን ዕድሜ ማወቅም አስቸጋሪ አይደለም። በጎኑ ላይ ዲ ኦ ቲ ከሚሉት ፊደሎች በኋላ የመጨረሻዎቹ አራት ቍጥሮች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ቢል በ2019 ዓ.ም. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ስለዚህ ገዢ ሆይ፥ ጎሚስታው ቸርኬው ላይ ሳያገባው በፊት ጐንበስ ብለህ አንብበው። የሰው ያገለገለ ጎማም በርካሽ ሲያቀርቡልህ የውስጡን ስብራት ዓይን እንደማያየው አስብ። ገንዘብህ ለአራቱ ባይበቃ፥ በአንድ ዘንግ ላይ ያሉትን ሁለቱን አንድ ዓይነት አድርገህ ለውጥ፤ ግራውን ከአንድ፥ ቀኙን ከሌላ ዓይነት አታዳቅል። ስሙ ያልገነነ ነገር ግን ልኩ፥ ጭነቱና ፍጥነቱ የተስማማ አዲስ ጎማ፥ ስሙ ከገነነ አሮጌ ጎማ ይሻላል።

ምናልባት «ፖርሽ የሚነዳ በአገራችን ስንት ሰው ነውና ይህን ሁሉ ትነግሩናላችሁ?» የሚል አይጠፋም። እኛም የምንመልሰው ይህን ነው። ፈጣን አውቶሞቢል ሌላው አውቶሞቢል ቀስ ብሎ የሚገልጠውን ስሕተት ፈጥኖ ይገልጠዋል እንጂ ሕጉ ለሁሉ አንድ ነው። በአገራችንም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄድ የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄደው ቍጥሩ በዝቷል፤ እርሱም በባትሪው ምክንያት ክብደት ያለው፥ ገና ሲነሣም በብርቱ የሚስብ ስለ ሆነ ጎማውን ፈጥኖ ይጨርሳል፤ የጭነት ቍጥሩንም በጥንቃቄ ማንበብ ግድ ይሆናል። ለመሥሪያ ቤት አውቶሞቢል የጎማ ግዢ የሚፈርም ሹም ደግሞ የሚፈርመው ስለ ላስቲክ ብቻ አይደለም፤ በዚያ አውቶሞቢል ስለሚሳፈሩትና በመንገዱም ስለሚያልፉት ሰዎች ነው። ዋጋው ያነሰውን ብቻ ከመረጠ፥ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ይደርስበታል።

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይላሉ አባቶች። ጎማም እንዲሁ ነው፤ የነጂውን ትዕግሥትና ማስተዋል አይተካም። ነገር ግን የሚያደርሰው እርሱ ነውና፥ የሚገዛው ሰው ዋጋውን ከመጠየቁ በፊት ልኩን፥ ጭነቱን፥ ፍጥነቱን፥ ወራቱንና ዕድሜውን ይጠይቅ። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ማንበብና ጐንበስ ማለት ብቻ ነው።