ለሞተ ድንኳን እንተክላለን፤ ለታሰረስ?



እንደሚታወቀው በዚህ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈው ስለ መዋጮ፣ ስለ ስብሰባና ስለ ሐዘን ነው። የዛሬው ለየት ይላል። ባለፈው ስብሰባ አንድ ጉዳይ ተነሥቶ ሳንስማማ ተበትነናል። ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ በቃለ ጉባኤ ውስጥ ግን የጸሐፊ አስተያየት አይገባም። ስለሆነም ሐሳቤን እዚህ አቀርባለሁ። የማኅበሩ ውሳኔ አይደለም፣ የግሌ ነው። የምጽፈውም እናቲቱን አስፈቅጄ ነው።

ጉዳዩ ይኸ ነው። ከመካከላችን የአንዲት እናት ልጅ፣ ስሙን በማልጠራው ኮሌጅ ግቢ ውስጥ አደንዛዥ ዕፅ ይዞ ተገኝቷል ተብሎ ታሰረ። ወሬው በአንድ ቀን በየቤቱ ገባ። ከዚያ ወዲህ የእናቲቱ ስልክ ዝም አለ። እሑድ እሑድ ቡና ይጠጡ የነበሩ ጎረቤቶቿ ቀሩ። ቤተ ክርስቲያን ስትመጣም ከኋላ ቆማ አስቀድሳ፣ ማንንም ሳታነጋግር ትሄዳለች። አንድ አባል «ለጠበቃ ከመጠባበቂያው እንርዳት» ሲል «የማኅበር ገንዘብ ለሐሺሽ አይወጣም» ተባለ። ሌላውም ተነሥቶ «እሱን ከረዳን ሌላው ልጅ ምን ይማራል?» አለ።

እኔ ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ይኸ ልጅ፣ እግዜር ያርቀውና፣ ታስሮ ሳይሆን ሞቶ ቢሆን ኖሮ በዚያው ምሽት ወንበር ተሸክመን፣ ወጥ ሠርተን እንደርስ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ከቤቷ አንጠፋም። ደንቡ የሚያዘውን ገንዘብ ያለ ክርክር እንከፍላለን። ምን ወስዶ ሞተ ብሎ የሚመረምር አይኖርም። እንግዲህ እናቲቱ የተቀጣችው ልጇ በሕይወት ስላለ ነው ማለት ነው። ይኸ ምን ዓይነት መረዳዳት ነው?

ነገሩ ለአካባቢያችን አዲስ አይደለም። ከሲቲ ሃይትስ በኤል ካሆን ቡለቫርድ ወደ ምሥራቅ ሄደን፣ ኮሌጅ አቬኑ ላይ ወደ ግራ ስንታጠፍ የምናገኘውን የሳንዲያጎ ስቴት ዩኒቨርሲቲን ሁላችንም እናውቀዋለን። የቆያችሁ አባላት ታስታውሳላችሁ፤ በሜይ 2007 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) አንዲት የ19 ዓመት ተማሪ ኮኬይን ወስዳ ሞተች። የዩኒቨርሲቲው ፖሊስ ዕፁ ከየት እንደሚመጣ መከታተል ጀመረ፤ በኋላም የፌዴራሉ የአደንዛዥ ዕፅ ፖሊስ ገባበት። ማንነታቸውን የደበቁ ፖሊሶች ገዢ መስለው ከ130 ጊዜ በላይ ገዙ። ምርመራው ሳያልቅ በፌብሩዋሪ 2008 አንድ የሌላ ኮሌጅ ተማሪ እንዲሁ ሞተ። በሜይ 6 ቀን 2008 ነገሩ ይፋ ሲሆን የተያዙት 96 ሰዎች ናቸው ተባለ፤ ከነዚህ 75ቱ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች። ኮኬይን፣ ማሪዋና፣ ኤክስታሲ፣ የጦር መሣሪያና 60,000 ዶላር ያህል ጥሬ ገንዘብ ተገኘ። ፍራተርኒቲ የሚባሉት ስድስት የተማሪ ማኅበሮች ታገዱ። አንዱ ዘንድ የነበሩት ሻጮች ለደንበኞቻቸው በስልክ መልእክት ልከው፣ ላስ ቬጋስ ስለምንሄድ በዚህ ሳምንት መጨረሻ ሽያጭ የለም ብለው ነበር። እንደ ሱቅ እኮ ነው! ከተያዙት አንዱ ደግሞ የወንጀል ፍትሕ ተማሪ ነው። ሲያዝ የጠየቀው፣ ይኸ ነገር የፌዴራል ፖሊስ እንዳልሆን ያግደኛል ወይ ብሎ ነው። ነገሩ ምን ያህል እንዳልገባው ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ያን ጊዜ ሰዉ ለሁለት ተከፈለ። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ስቲቨን ዌበር ፖሊስ በማስገባታቸው ያመሰገነ ነበረ፤ በተማሪ ላይ ሰላይ ማሰማራት ምን ማለት ነው ያለም ነበረ። ከተያዙት ብዙዎቹ ለራሳቸው ጥቂት ይዘው የተገኙ እንጂ ነጋዴዎች አይደሉም የሚል ክርክርም ተነሣ። እኛስ? እኛ ቡና ላይ «የሀብታም ፈረንጅ ልጆች ናቸው» ብለን አለፍነው። እኔ ራሴ እንደዚያ ካሉት አንዱ ነኝ። ከአንደኛ ደረጃ ያላለፍኩ ሰው ስለሆንኩ ዩኒቨርሲቲ ለእኔ እንደ ቤተ መቅደስ ነበር። ክፉ ነገር በሩን አልፎ ይገባል አልልም ነበር።

ከዚያ ጉዳይ ሁለት ነገር መማር ነበረብን።

አንደኛው፣ ሞቱ ከእስሩ መቅደሙ ነው። አጠገባቸው ሰው ሲወድቅ ወጣቶች ፖሊስ ይመጣብናል ብለው አምቡላንስ መጥራት ይፈራሉ። በዚህም ምክንያት ካሊፎርኒያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2013 ጀምሮ የሚሠራ ሕግ አውጥታለች። ዕፅ በዝቶበት ለወደቀ ሰው 911 የደወለ፣ የወደቀውም ራሱ፣ ለግሉ ጥቂት ይዞ በመገኘቱ ወይም በመውሰዱ አይከሰስም። ለሻጭ ግን አይሠራም። ዛሬ ደግሞ ፌንታኒል የሚባለው በሐሰተኛ ክኒን ውስጥ እየገባ ነገሩን አክፍቶታል። ናርካን የሚባለው በአፍንጫ የሚረጭ መድኃኒት እንዲህ ላለው ማርከሻ ነው፤ ከ2023 ጀምሮ ያለ ሐኪም ወረቀት ይሸጣል። ከመካከላችን ይኸን ለልጁ የነገረ ስንት ሰው አለ? «ብትነካው አንተን አላውቅህም» ያለ አባት፣ ልጁ በጭንቅ ሰዓት የማይደውልለት አባት ይሆናል።

ሁለተኛው በተለይ እኛን ይመለከታል። ዜጋ ለሆነው ልጅ ቅጣቱ እስርና መቀጮ ነው። ግሪን ካርድ ላለው ግን ከአገር መባረርም አለበት። በኢሚግሬሽን ሕግ፣ ከ30 ግራም ያልበለጠ ማሪዋና ለራሱ አንድ ጊዜ ብቻ ይዞ ከተገኘ በቀር፣ በአደንዛዥ ዕፅ የተፈረደበት የውጭ አገር ሰው ሊባረር ይችላል። ካሊፎርኒያ በ2016 ዕድሜው 21 ለሞላ ሰው ማሪዋና ፈቅዳለች እያልን አንታለል፤ ኢሚግሬሽን የሚሠራው በፌዴራል ሕግ ነው። ልጁ «ጥፋተኛ ነኝ ብለህ ትምህርት ውሰድ፣ መዝገብህ ይዘጋል» ተብሎ እሺ ቢል እንኳ፣ ያ ቃሉ በኢሚግሬሽን ዘንድ እንደ ፍርድ ሊቆጠር ይችላል። ካሊፎርኒያ ከ2018 ጀምሮ፣ ለቀላል ክስ፣ ጥፋተኛ ነኝ ሳይባል ወደ ትምህርት የሚላክበትን መንገድ ከፍታለች። ያንን ጠይቆ የሚያገኘው ግን ያወቀ ሰው ነው።

አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ከሆንዱራስ የመጣ፣ ከ40 ዓመት በላይ በዚህ አገር የኖረ፣ በቬትናም ጦርነት ያገለገለ የከባድ መኪና ሾፌር ማሪዋና ጭኖ ተያዘ። ጠበቃው «ብዙ ዘመን ስለኖርክ አትስጋ» ቢለው ጥፋተኛ ነኝ አለ። ከዚያም ከአገር የመባረር አደጋ ገጠመው። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በማርች 2010 ጠበቃ ይኸን አደጋ ለደንበኛው የመንገር ግዴታ አለበት ተብሎ ተወሰነ። ለአገር የተዋጋን ሰው እንዲህ ካደረገው፣ የእኛን ልጅ ምን ያደርገዋል?

ልጃችን እዚህ የመጣው በስድስት ዓመቱ ነው። እሱም እናቱም ዜግነት አልወሰዱም። መንግሥት የመደበለት ጠበቃ አለው፤ ነገር ግን ከመፈረሙ በፊት የኢሚግሬሽን ሕግ የሚያውቅ ሰው ክሱን እንዲያይለት ገንዘብ ያስፈልጋል። የፍርድ ቤት ቀጠሮው ደግሞ ከሚቀጥለው መደበኛ ስብሰባችን በፊት ነው።

«ሌላው ልጅ ምን ይማራል?» ላላችሁት መልሴ ይኸ ነው። ሌላው ልጅ ዛሬ እያየን ነው። የሚማረውም፣ ችግር ከገጠመህ ደብቅ፣ ወገንህ የሚመጣው ስትሞት ነው የሚለውን ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለም? ያጠፋ አይቀጣ አላልኩም። ዳኛ አለ፣ እሱ ይፍረድ። እኛ ግን ዳኛ አይደለንም።

«በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም» ያላችሁም አላችሁ። ወንድሞቼ፣ ጫትስ? ካቲኖን የሚባለው በትኩስ ጫት ውስጥ ያለው ነገር ከ1993 ጀምሮ በዚህ አገር ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንድ መደብ ነው የተመዘገበው። በጁላይ 2006 በኒውዮርክና በሌሎች ከተሞች 44 ሰዎች በጫት ጉዳይ መከሰሳቸው ተነግሯል። ከመካከላችን በሠርግም በለቅሶም ሲቀመጥ ያላየ ካለ እጁን ያውጣ። በጫቱ ላይ ዝም ያለ አፍ በልጁ ላይ ባይረዝም ጥሩ ነው።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይኸ ነው።

1ኛ. ደንባችን «ለሞት፣ ለሕመምና ለድንገተኛ ችግር» ይላል። የልጅ መታሰር ድንገተኛ ችግር ነው። ገንዘቡ ለኢሚግሬሽን ጠበቃ ምክር ብቻ ይዋል፤ ደረሰኙም እዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

2ኛ. የሚመለከተው ሁሉ የዜግነት ማመልከቻውን ዛሬ ነገ አይበል። ፎርሙን ለመሙላት የሚቸገር ቅዳሜ ቅዳሜ ይምጣ፤ ኮሌጅ የገቡት ልጆቻችን ያግዙናል።

3ኛ. ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር ሆነው ስለ 911ና ስለ ናርካን የሚሰሙበት አንድ ስብሰባ ይዘጋጅ። ቁጣ የሌለበት ይሁን።

መደበኛው ስብሰባ እስኪደርስ ከጠበቅን ልጁ ያለ ምክር ይፈርማል። ስለሆነም ከዚህ ጽሑፍ ሥር አንድ ወረቀት ሰቅያለሁ። አስቸኳይ ስብሰባ ይጠራ የምትሉ ፈርሙበት፤ የምትቃወሙም ምክንያታችሁን ጻፉበት፣ አልቀየምም። ሃያ ፊርማ ከሞላ ሊቀመንበሩ ይጠራሉ።

ለመፈረም ያልደፈረ ደግሞ እሑድ ቡና ይጠጣላት። እሱ ድምፅ አይጠየቅበትም።

የማኅበሩ ጸሐፊ