አውሮፕላኑ ስለምን በራሱ አልወረደም?

ነሐሴ 9/2014 ዓ.ም ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ ይበር የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737-800 አውሮፕላን፣ መውረድ በሚገባው ሥፍራ ሳይወርድ፣ በ37 ሺህ ጫማ ከፍታ ላይ እንዳለ የቦሌን ማኮብኮቢያ አልፎ ሄደ። የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ደጋግመው ቢጠሩም መልስ አላገኙም። አቪየሽን ሄራልድ የተሰኘው ድረ ገጽ ሁለቱም አብራሪዎች እንቅልፍ ወስዷቸው እንደነበር ዘግቧል። አየር መንገዱ በበኩሉ አውሮፕላኑ ለጊዜው ግንኙነት አጥቶ እንደነበርና በሰላም ማረፉን ገልጾ፣ አብራሪዎቹን ምርመራው እስኪጠናቀቅ ከሥራ ማግለሉን አስታውቋል።

ብዙው ሰው የተነጋገረው ስለ እንቅልፉ ነው። መንገዱን የሚያውቅ ኮምፒውተር የተገጠመለት አውሮፕላን በራሱ አለመውረዱ ግን ከዚያ ያላነሰ ማብራሪያ ይሻል።

ኮምፒውተሩ መድረሻውን ብቻ ሳይሆን መውረድ የሚጀመርበትንም ነጥብ ያሰላል። ከዚያ ከፍታ ቦሌ ለማረፍ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ሲቀር መውረድ መጀመር አለበት። ሆኖም በአብራሪዎቹ ፊት ባለው ሰሌዳ ላይ የከፍታ ቁጥር የሚታይባት አንዲት ጠባብ መስኮት አለች። ተቆጣጣሪው የፈቀደውን ከፍታ አብራሪው በእጁ እያዞረ ይሞላባታል፤ አውቶፓይለቱም ከዚያ ቁጥር በታች አይወርድም። ቁጥሩ ካልተቀነሰ የመውረጃው ነጥብ ቢያልፍም በነበረበት ከፍታ መጓዙን ይቀጥላል።

ቁጥሩ ሲቀነስ አውሮፕላኑ ይወርዳል፤ የታዘዘው ከፍታ ላይ ሲደርስም በድንገት አይቆምም። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ቁልቁል የሚወርድ ሹፌር ከመታጠፊያው አስቀድሞ ፍጥነቱን እንደሚቀንስ፣ አውቶፓይለቱም ከፍታው ሳይደርስ አፍንጫውን ቀስ በቀስ ያቃናል። አወራረዱ በፈጠነ መጠን ማቃናቱን ቀድሞ ይጀምራል።

የሰው ፈቃድ ማስፈለጉ ለደጋ አገር ትልቅ ጥበቃ ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ 10 ሺህ ጫማ ማለት ከምድር ሦስት ሺህ ሜትር መራቅ ነው። 2 ሺህ 700 ሜትር ላይ በተቀመጠችው ደብረ ታቦር ሰማይ ግን ያው ቁጥር ከቤቶች ጣሪያ በላይ 350 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከ4 ሺህ 100 ሜትር በላይ የሆነው የጉና ተራራ ደግሞ ከዚያ ከፍታ በአንድ ሺህ ሜትር ይበልጣል። በእንዲህ ያለ ምድር ላይ ማንም ሳያዝዘው የሚወርድ ማሽን የሚያስከትለው አደጋ፣ ሳይወርድ ከሚያልፈው እጅግ የከፋ ነው።

ደካማው ጎን ማስጠንቀቂያው ነው። የመውረጃው ነጥብ ሲቃረብ ቁጥሩ እንዲቀነስ የሚያሳስበው መልእክት በጽሑፍ የሚመጣ ነው፤ የነቃ አብራሪ ያነብበዋል፣ ያንቀላፋውን ግን አይቀሰቅስም። ያን ቀን፣ እንደ ዘገባው፣ አብራሪዎቹን የቀሰቀሳቸው አውሮፕላኑ ማኮብኮቢያውን ካለፈ በኋላ አውቶፓይለቱ ሲቋረጥ የተሰማው ጩኸት ነው። አውሮፕላኑ ዞሮ ያረፈው ቦሌን ካለፈ ከ25 ደቂቃ ገደማ በኋላ ነበር። ያው ጩኸት የመውረጃው ነጥብ በታለፈበት ቅጽበት ቢሰማ ኖሮ፣ አብራሪዎቹ ቦሌ ሳይደርሱ በነቁ ነበር።